ህንዳዊው መምህራችን ጃይን ናቸው፤ ለእንቁጣጣሽ ቤት ልጠራቸው ነው፣ ምን ላቅርብላቸው?

የጣና ዳር ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ባሕር ዳር አብረውኝ የሚያስተምሩ አንድ ህንዳዊ ዶክተር አሉ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ባለቤታቸውም አብረዋቸው ይኖራሉ። እምነታቸው ጃይን ነው። ሂንዱ አይደሉም፣ ቡድሂስትም አይደሉም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍልሰታ ተፈቶ እኛ ገና ዶሮውን እያጣጣምን ሳለ እሳቸው ጾም ጀመሩ። ጾም ስላችሁ እንደኛ ዘጠኝ ሰዓት ጠብቆ በያይነቱ ማዘዝ እንዳይመስላችሁ። ስምንት ቀን ሙሉ እህል የሚባል አልቀመሱም። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ብቻ። እሱንም ፀሐይ ከጠለቀች አይነኩትም። ሥራ ግን አልቀሩም፣ የክረምት ተማሪዎቻቸውን ቆመው ሲያስተምሩ ነበር፣ እኛ ነን ሻይ ስንጠጣ የተሳቀቅነው። ጾሙ ሲያልቅ ደግሞ ቢሮ ለቢሮ እየዞሩ፣ ሁለት እጃቸውን አጋጥመው፣ ሁላችንንም ይቅርታ ጠየቁን። ጽዳት የምትሠራውን ልጅ ሳይቀር። ልጅቷ ደንግጣ "ኧረ ምን አጠፉ አባባ?" አለቻቸው።

እና ለእንቁጣጣሽ ቤት ልጠራቸው አስቤ ለእማዬ ነገርኳት። "ሥጋ ካልበሉ ምን ችግር አለው፣ የጾም ነው የምሠራላቸው" ብላ ወዲያው ዝርዝር አወጣች፤ ድንች በካሮት፣ ሽሮ፣ ምስር ወጥ፣ ቀይ ሥር፣ ለመጠጥ ብርዝ። እኔ ግን ሰውየው ካፌ ውስጥ ድንቹንም ሽንኩርቱንም ለይተው ሲያስቀሩ አይቻለሁ። ባለቤታቸውን መጠየቅ ደግሞ አፈርኩ፣ ሰው እየጠሩ "ምን ትበላላችሁ" ማለት ከበደኝ።

የምታውቁ ካላችሁ እስኪ አስረዱኝ። ይኼ ጾም ምንድነው? ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ነው የሚኖሩት? መስከረም 1 ላይስ ሌላ ጾም ይኖርባቸው ይሆን?

ጉጃራት የከረመው

ወንድሜ፣ ሁለተኛ ዲግሪዬን ህንድ ጉጃራት ውስጥ፣ አሕመዳባድ ነው የሠራሁት፣ የተከራየሁበት ሰፈር ጃይን የሞላበት ነው። አከራያችን ቁልፉን ስትሰጠን ከኪራዩ አስቀድማ ያነሳችው የእንቁላልና የሽንኩርትን ጉዳይ ነበር። ስለዚህ የማውቀውን ልንገርህ፣ ረዘም ይላል።

ያየኸው ጾም ፓርዩሻን ይባላል። ዓመታቸው ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ የለም። ስምንት ቀን ከሆነ ዶክተሩ ሽቬታምባር ናቸው፣ መነኮሳታቸው ነጭ የሚለብሱት ወገን ማለት ነው። ሌላኛው ወገን ዲጋምባር ነው፣ እሱን የሚያውቅ ይጨምርበት። ወራቸው በጨረቃ ስለሚቆጠር ቀኑ ይዋልላል። አንዳንዱ ዓመት ነሐሴ ማለቂያ ላይ ይውላል፣ አንዳንዱ ጳጉሜን ይነካል። በየሁለት ሦስት ዓመቱ ተጨማሪ ወር እያስገቡ ስለሚያስተካክሉት ግን እንደ ፋሲካችን ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ ከክረምት አይወጣም።

ክረምቱን ካልተረዳህ ደግሞ የነሱን በዓል አትረዳውም። መነኮሳታቸው ወንዱም ሴቱም ዓመቱን በእግር ይዞራሉ። መኪና የለ፣ ባቡር የለ፣ ጫማም የለ። ዝናብ ሲገባ ግን አራት ወር ባሉበት ከተማ ይቀመጣሉ። ቻቱርማስ ነው የሚሉት። ለምን መሰለህ፣ ዝናብ ሲጥል መሬቱ በነፍሳት ይሞላል። እኛ ጋ ምስጥ ክንፍ አውጥቶ ሲነሳ፣ ጉንዳን መንገዱን ሲሞላው፣ ጓሮው በአንድ ሳምንት ሣር ሲለብስ አስበው፤ አንድ እርምጃ ስትራመድ ስንቱን እንደምትረግጥ። የነሱ እምነት ሥሩ ሕይወት ያለውን ነገር አለመጉዳት ነው፣ አሂምሳ ይሉታል። ስለዚህ መነኩሴው ይቀመጣል። መነኩሴው ሲቀመጥ ደግሞ ሕዝቡ በየቀኑ ትምህርት ይሰማል፣ ስእለት ይገባል፣ ይጾማል። ፓርዩሻን የሚውለው የዚህ ወቅት መሃል ላይ ነው።

ስምንቱን ቀን በውሃ መጾም አትሃይ ይባላል፣ ሁሉም ሰው ግን አይችለውም። አንዱ ቀን እየዘለለ ይጾማል፣ አንዱ በቀን አንዴ ብቻ ተቀምጦ ይበላል፣ አንዱ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ቀን ይይዛል። አንድ ወር ሙሉ በፈላ ውሃ ብቻ የሚቆዩም አሉ። ካላየሁት አላምንም ነበር፣ የጎረቤታችን አያት ወሩን ጨርሰው በከበሮና በዘፈን ሰፈሩን ሲያዞሯቸው አይቻለሁ። ጾሙ ሲፈታ ዘመድ ተራ በተራ እየመጣ በማንኪያ ያጎርሳቸዋል። ጉርሻ የኛ ብቻ ይመስለን ነበር!

በነዚያ ቀናት ካልፓ ሱትራ የሚባለው መጽሐፋቸው ይነበባል። የመጨረሻው ታላቅ መምህራቸው የማሃቪራ ልደት በሚነበብበት ቀን ቤተ መቅደሱ መግቢያ ታጣለህ። እናቱ ትሪሻላ ከመውለዷ በፊት 14 ሕልም አይታለች ይባላል፤ ነጭ ዝሆን፣ በሬ፣ አንበሳ፣ እያለ ይሄዳል፣ የነዚያን ምስል በብር አሠርተው እያወረዱ ያሳያሉ። ሕልሞቹን የማውረዱን ክብር ለማግኘት ሀብታሞቹ በጨረታ ይፎካከራሉ፣ ገንዘቡ ለመቅደሱ ይሆናል። እኔ ይኼ ጨረታ አልተዋጠልኝም፣ ንብረት አታብዙ የሚል ሃይማኖት ውስጥ በብር ብዛት መወዳደር። ግን የኔ አስተያየት ነው።

የመጨረሻው ቀን ሳምቫትሳሪ ነው። ማታ ለረጅም ሰዓት ተቀምጠው ዓመቱን ሙሉ የሠሩትን በደል እየቆጠሩ ይናዘዛሉ፣ ሰው ላይ የሠሩትን ብቻ አይደለም፣ ውሃ ውስጥና አፈር ውስጥ ላለ ነፍሳት ሳይቀር። ከዚያ ለሁሉም ሰው "ሚቻሚ ዱክዳም" ይላሉ፣ በደሌ ይሰረዝልኝ እንደማለት። "በማወቅም ባለማወቅም ካስቀየምኩህ" የሚለው ሐሳብ አለበት፤ ስለዚህ ለጽዳቷ ልጅ "ምን አጠፉ" መልሱ እሱ ነው። የተለየ ጥፋት መኖር የለበትም። አሁን አሁን እንግዲህ በዋትስአፕ ለአምስት መቶ ሰው በአንዴ ይልኩታል። የናንተው ዶክተር ቢሮ ለቢሮ መዞራቸው ደስ ይላል።

መስከረም 1 ላይ እንግዲህ ትልቁ ጾም አልፏል። ግን የቀን ምግብ ሕጋቸው ሁሌም አለ። ሥራ ሥር አይበሉም፤ ድንች፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ እርጥብ ዝንጅብል። ከመሬት ስትነቅለው ተክሉ እንዳለ ይሞታል፣ አፈሩ ውስጥ ያለውም ፍጥረት ይጎዳል፣ ሥሩ ራሱም የብዙ ነፍስ ማደሪያ ነው ነው የሚሉት። ማርም የለም። ንቡ ደክሞ ያጠራቀመው ነው፣ ሲቆረጥም ንብ ይሞታል። ብርዙን እማማ ይተዉት! ወተትና ንጥር ቅቤ ግን ይበላሉ። የኛ ጾም የሚከለክለውን የነሱ ይፈቅዳል፣ የኛ የሚፈቅደውን የነሱ ይከለክላል፣ ለዚህ ነው "የጾም እሠራለሁ" የማያዋጣው።

እና ዋናው፣ ማታ አትጥራቸው። አጥባቂ ከሆኑ ፀሐይ ከገባች በኋላ አይበሉም። በጨለማ ምን ነፍሳት ምግቡ ውስጥ እንደሚገባ አይታይም ነው ነገሩ። ምሳ ይሁን።

እታለም ከማርቆስ

ኧረ ጉድ ነው! ጎጃም መጥቶ ማር የለ፣ ድንች የለ፣ ሽንኩርት የለ፣ ምን ሊበላ ነው ታዲያ ሰውየው?

ወንድም ጉጃራት፣ እስኪ አንድ ነገር ንገረኝ። ሽሮዬ ውስጥ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ደርቆ ተፈጭቶ ነው ያለው። በርበሬዬም እንደዛው። ቅቤውን ሳነጥርም ሽንኩርት ጣል አደርጋለሁ። ይኼ ሁሉ ይቆጠራል?

ጉጃራት የከረመው

እታለም፣ ይቆጠራል። የደረቀ ዝንጅብልና የደረቀ እርድ ይፈቀዳል፣ ሲደርቅ ሕይወቱ አልቋል ይላሉ። ነጭ ሽንኩርት ግን ቢደርቅም አይበሉትም፣ ስለዚህ በርበሬውም ሽሮውም ወደቀ። እነሱ በሽንኩርት ፈንታ ሂንግ የሚባል ኃይለኛ ሽታ ያለው ሙጫ ይጠቀማሉ፣ ቁንጥር ይበቃል።

እታለም ከማርቆስ

እሺ ያንን ተውነው። እኔ ብሆን እንዲህ አደርግ ነበር። የአተር ክክ አልጫ፣ ዘይቱን ወይ ቅቤውን አግሎ ጥቁር አዝሙድ፣ ቲማቲም፣ እርድ፣ ቃሪያ፣ ጨው። ሽንኩርት የሌለበት አልጫ ሞት አይደለም፣ ቲማቲሙን ረጋ ብሎ ማብሰል ነው። ቅቤው ለብቻው በኮረሪማና በኮሰረት ብቻ ይነጠር። ከዚያ ትኩስ የስንዴ ቂጣ በቅቤ። ፎሶሊያ በቲማቲም። ዱባ ወጥ፣ ዱባ ከመሬት በላይ ነው አይደል? ቆሎ፣ ሽምብራው ከገብሱ። ማንጎና ሙዝ። ሰው ይኼን በልቶ ካልጠገበ ሌላ ነገር ነው የፈለገው።

እንጀራውን ግን አላወቅሁም።

ጉጃራት የከረመው

ግሩም ነው። እንጀራው ያከራክራል። ያደረ ምግብ አይበሉም፣ የቦካም ነገር አጥባቂዎቹ ይጠነቀቃሉ፣ ሊጡ ቀናት ስለሚቀመጥ። አንዳንዱ ጃይን ይበላል፣ አንዳንዱ አይበላም፣ እሱን ዶክተሩን መጠየቅ ነው። ቂጣው ግን ከነሱ ቂጣ ከሮቲ አይለይም፣ አስተማማኝ ነው። እርጎ ካቀረባችሁ ደግሞ ከክክ ወጡ ጋር አንድ ላይ አትቀላቅሉት፣ ያልሞቀ እርጎና ጥራጥሬ አንድ ላይ አይበሉም። ሾላም አይነኩም፣ ውስጡ በነፍሳት የተሞላ ስለሆነ። ሾላን ከፍተህ ያየህ ሰው ይገባሃል።

ዳሞት

ይቅርታ አድርጉልኝና እኛ በዓል አነሰን? ቡሄውን፣ እንቁጣጣሹን፣ መስቀሉን ትተን የሰው አገር ጣዖት ጾም ስንተነትን። ሰውየው እንግዳ ከሆነ ያለውን ይብላ። ደግሞስ ለማን ነው የሚጾሙት? ፈጣሪ የላቸውም ሲባል ሰምቻለሁ።

የቅኔ ተማሪ

ወንድም ዳሞት፣ ከእምነታቸው አንድም ነገር ተቀበል ያለህ የለም። ልጁ የጠየቀው እንግዳ ስለመቀበል ነው። አብርሃም ድንኳኑን ክፍት ሲያደርግ ያለውን ይብላ አላለም፣ ፍሪዳ ነው ያረደው (ለኚህኛው እንግዳ ፍሪዳው ባይሆንም)።

ጥያቄህ ግን ጥሩ ነው። ዓለምን የፈጠረ አምላክ አለ ብለው አያምኑም፣ እውነት ነው። የሚያከብሯቸው 24 መምህራን አሉ፣ ቲርታንካር የሚሏቸው። የመጨረሻው ማሃቪራ ነው። እነሱን ስጠን አይሏቸውም፣ አርአያ ናቸው እንጂ ሰጪ አይደሉም። የሚጾሙት በነፍስ ላይ የተጣበቀውን የሥራ ውጤት፣ ካርማ የሚሉትን፣ ለማቃጠል ነው። እኛ የምንጾመው ለሌላ ነው፣ አንድ ናቸው ብለን አናድበስብስ። እኛ ስንጾም ከእግዚአብሔር ምሕረት እንጠብቃለን። እነሱ ጋ ምሕረት የሚሰጥ የለም፣ የሠራኸውን ራስህ ታራግፋለህ። ለኔ ይኼ ከባድ ነው።

አንድ ነገር ግን ሳነብ አስገርሞኛል። እኛ ቆሎ ተማሪ ሆነን አኩፋዳ ይዘን "በእንተ ስማ ለማርያም" እያልን በየደጁ ስንዞር ኖረናል። የነሱም መነኮሳት እንዲሁ ቤት ለቤት ዞረው ነው የሚበሉት፤ ከአንድ ቤት አይጠግቡም፣ ከዚህም ከዚያም ትንሽ ትንሽ ነው የሚወስዱት። ልዩነቱ ለነሱ ተብሎ የተሠራ ምግብ አይቀበሉም። ቤተሰቡ ለራሱ ከሠራው ላይ ብቻ። እኛ ውሻውን ነበር የምንፈራው፣ እነሱ የሚፈሩት ደግሞ ደግ ሴትዮ ሆን ብላ እንዳታበስልላቸው ነው።

የጣና ዳር ልጅ

ሃሃሃ የኔታ ይስሙህ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ እማዬ የእታለምን ዝርዝር አስነብቤያት "ማርቆሶች ይችላሉ" ብላለች። ቂጣው ላይ ተስማምተናል።

ግን የመጀመሪያ ጥያቄዬ ላይ ልመለስ። ከዚህ ከፓርዩሻን ውጪስ? ዶክተሩ ጥቅምት አካባቢም መብራት ያበራሉ፣ ጣፋጭ ያመጡልናል። ዲዋሊ አይደለም እንዴ? እሱ የሂንዱ አይደለም?

ጉጃራት የከረመው

ዲዋሊ የሁለቱም ነው፣ ምክንያቱ ይለያያል እንጂ። ለጃይን ማሃቪራ ከሥጋው ተለይቶ ነጻ የወጣበት ሌሊት ነው። ቢሃር ውስጥ ፓቫፑሪ በምትባል ቦታ፣ በባህላቸው ቁጥር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ527፣ በ72 ዓመቱ። የራሳቸው ዘመን አቆጣጠርም ከዚያ ሌሊት ነው የሚነሳው። ብርሃኑ ስለጠፋ ሰው መብራት አበራ ነው ታሪኩ። ጠዋት ላዱ የሚባል ክብ ጣፋጭ ይዘው መቅደስ ይሄዳሉ። ርችት ግን ብዙዎቹ አይተኩሱም፣ ወፍና ነፍሳት ይጎዳል ብለው። አሕመዳባድ በዚያ ሌሊት እንደ ጦር ሜዳ ስትናወጥ የኛ አከራይ መስኮቷን ዘግታ ትጸልይ ነበር።

ከዲዋሊ በአምስተኛው ቀን የዕውቀት ቀን አለ፤ መጽሐፍ፣ ደብተር፣ ብዕር ደርድረው ያከብራሉ፣ ከመደርደሪያ አውርደው አቧራውን ያራግፉለታል። በአስራ አምስተኛው ቀን ጨረቃዋ ስትሞላ ደግሞ ክረምቱ በይፋ ያልቃል፣ መነኮሳቱ በትራቸውን አንስተው መንገድ ይጀምራሉ። ያን ቀን ፓሊታና ነው መሄድ። ጉጃራት ውስጥ ያለች ከተማ ናት፣ አጠገቧ ሻትሩንጃይ የሚባል ተራራ አለ፣ ከ800 በላይ መቅደስ ጫፉ ላይ አለ፣ ከ3,000 በላይ ደረጃ ወጥተህ ነው የምትደርሰው። አራቱን ወር ተዘግቶ ይቆይና ያን ቀን ይከፈታል። ሕዝቡን ብታይ ግሸን በመስከረም 21 በለው። ላይ መብላት የለም፣ ማደርም የለም፣ ካህኑም ሳይቀር ሲመሽ ይወርዳል። ተራራው ለመቅደስ እንጂ ለሰው አይደለም። እኔ ወጥቼ ጉልበቴ ለአንድ ሳምንት አልታዘዝ ብሎኛል፣ ከኋላዬ ደግሞ አሮጊቶች በባዶ እግራቸው እየዘመሩ ያልፉኝ ነበር።

ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ላይ የዝምታ ቀን አላቸው፣ ጾም ሆኖ አንድ ቃል አይናገሩም። ይኼን አንዳንድ የመሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ ብናስገባው ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ ኦሊ የሚሉት ዘጠኝ ቀን፣ በዓመት ሁለቴ ይመጣል፤ አንዴ መስከረም ጥቅምት ላይ፣ አንዴ መጋቢት ሚያዝያ ላይ። ለኛ ጾም የሚቀርበው ይሄ ነው። በቀን አንዴ ብቻ ይበላሉ፤ የተቀቀለ እህል፣ ወተት የለ፣ ቅቤ የለ፣ ዘይትም የለ፣ ስኳርም የለ፣ ቅመምም የለ። ንፍሮ ማለት ነው በአጭሩ። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ከሁዳዴያችን ጋር ስለሚገጥም ዶክተሩ በመጋቢት ንፍሮ ሲበሉ ካየሃቸው አትገረም።

የማሃቪራ ልደትም በዚያው በመጋቢት ወይም በሚያዝያ ነው፣ በህንድ መንግሥት በዓል ሆኖ ሥራ ይዘጋል። በኛ 2017 ላይ ሚያዝያ 2 ውሎ ነበር። ልዑል ሆኖ ተወልዶ በ30 ዓመቱ ቤቱን ትቶ የወጣ ሰው ነው። ሰልፍ አለ፣ ምስሉን ያጥባሉ፣ ለድሃ ያበላሉ፣ ለእንስሳት መጠለያ ይሰጣሉ።

ሚያዝያ ወይ ግንቦት ላይ ደግሞ እኔ በጣም የምወደው አለ። የመጀመሪያው መምህራቸው ሪሻብ ሲመነኩስ፣ ለመነኩሴ ምን እንደሚሰጥ የሚያውቅ ሰው አልነበረም ይላሉ። ደጅ ሲቆም ወርቅ ይሰጡታል፣ ፈረስ ይሰጡታል፣ ልጃቸውን ሊድሩለት ይፈልጋሉ። ምግብ የሚሰጠው ጠፋ! ከዓመት በላይ ሳይበላ ዞረ። በመጨረሻ ሃስቲናፑር የደረሰ ጊዜ ሽሬያንስ የሚባል መስፍን የሸንኮራ አገዳ ጭማቂ በእጁ ላይ አፈሰሰለት። ለዚያ መታሰቢያ አንድ ቀን ጾመው አንድ ቀን እየበሉ ዓመቱን የሚጨርሱ ሰዎች አሉ፣ የሚፈቱትም በሸንኮራ ጭማቂ ነው።

በየወሩም ቀን አላቸው። እኛ ረቡዕና ዓርብ እንደምንለው እነሱ በጨረቃ ቁጥር አምስተኛውን፣ ስምንተኛውን፣ አስራ አራተኛውን ቀን ይይዛሉ። በነዚያ ቀናት አጥባቂው ጎመንና ሰላጣ፣ አረንጓዴ የተባለ ነገር አይቀምስም። ስለዚህ እታለም ዝርዝሩ ላይ ጎመን አለማስገባቷ ሳታውቀው ጥሩ አድርጋለች።

እታለም ከማርቆስ

ሳላውቀው አይደለም፣ በእንቁጣጣሽ ጎመን ማን ያቀርባል!

ባንጋሎር ደርሶ መልስ

ዲጋምባሩን የሚያውቅ ይጨምር ስለተባለ። ደቡብ ህንድ፣ ካርናታካ ስለነበርኩ ያየኋቸው እነሱን ነው። የነሱ ጾም የሚጀምረው የሽቬታምባሮቹ ሲያልቅ ነው፣ አስር ቀን ይሄዳል፣ ዳስ ላክሻን ይባላል። ለየቀኑ አንድ ምግባር አለው፤ አንድ ቀን ይቅር ባይነት፣ አንድ ቀን ትሕትና፣ አንድ ቀን ቅንነት፣ አንድ ቀን እውነት፣ እንዲህ እያለ በንጽሕና ይዘጋል። የይቅርታው ቀን ከዚያ በኋላ ይመጣል። ስለዚህ ዶክተሩ ዲጋምባር ቢሆኑ ኖሮ በአንዳንዱ ዓመት እንቁጣጣሽ ጾሙ መሃል ላይ ይወድቅ ነበር።

መነኮሳታቸው ልብስ አይለብሱም። አዎ፣ ራቁታቸውን ናቸው። ያላቸው የጣዎስ ላባ መጥረጊያና የውሃ ዕቃ ነው፣ መጥረጊያው ከመቀመጣቸው በፊት ነፍሳቱን ቀስ አድርጎ ለማንሳት ነው። በቀን አንዴ፣ ቆመው፣ በእጃቸው መዳፍ ብቻ ይበላሉ። መጀመሪያ ሳይ ፊቴን አዙሬያለሁ፣ በኋላ ግን የአገሩ ሰው ሁሉ ሲንበረከክላቸው ሳይ ያፈረው እኔ ብቻ መሆኔ ገባኝ።

ትልቁ በዓላቸው በየዓመቱ አይመጣም። ሽራቫናቤላጎላ የሚባል ቦታ ከአንድ ድንጋይ የተፈለፈለ፣ ባሁባሊ የሚባል የጥንት መናኛቸው ሐውልት አለ፣ ቁመቱ 17 ሜትር ገደማ፣ አንድ ሺህ ዓመት አልፎታል። ላሊበላን የሚያውቅ ሰው ከአንድ ድንጋይ ሲባል አይደንቀውም፣ ይኼኛው ግን ሰው ነው፣ ቆሞ ሲጸልይ ሐረግ እግሩና ክንዱ ላይ ወጥቶበታል። በ12 ዓመት አንዴ ከላይ መሰላል ሠርተው ወተት፣ የሸንኮራ ጭማቂ፣ እርድ፣ ሰንደል ያፈሱበታል፣ ሐውልቱ ነጭ ይሆናል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ቀይ ይሆናል። የመጨረሻው በፈረንጅ 2018 ነበር፣ ቀጣዩ 2030 ነው።

ዳሞት

ይሁን፣ አንብቤዋለሁ። ግን አንድ ነገር፣ ህንድ ውስጥ በነሱ ጾም ምክንያት ሥጋ ቤት ይዘጋል የሚባለው እውነት ነው? ሌላው ሰው ምን ዕዳ አለበት?

ጉጃራት የከረመው

እውነት ነው። አሕመዳባድ በፓርዩሻን ቄራ ይዘጋል። ነጋዴዎቹ ከስሰው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ በፈረንጅ 2008 እገዳው ጸንቷል፣ ጥቂት ቀን ስለሆነ ነጋዴውን ያን ያህል አይጎዳም ተብሎ። ሙምባይ ላይ በፈረንጅ 2015 ሲሞከር ግን ከተማው ታመሰ። ነገሩ አዲስ አይደለም፣ በ16ኛው መቶ ዘመን ህንድን ይገዛ የነበረው ንጉሥ አክባር ራሱ እስላም ሆኖ ለነሱ ጾም እርድ ከልክሏል፣ አንድ የጃይን መነኩሴ ለምኖት።

እኔን ከጠየቅከኝ በአዋጅ መሆኑ አይጥመኝም። እኛ ጋ በሁዳዴ ሥጋ ቤቱ የሚዘጋው የሚገዛ ስለሚጠፋ ነው፣ ያ ይሻላል።

የጣና ዳር ልጅ

ጨርሻለሁ፣ ዛሬ ፈራ ተባ እያልኩ ዶክተሩን ጠየቅኳቸው። ደስ አላቸው እንጂ አልከፋቸውም። እንጀራ ትኩስ ከሆነ ይበላሉ፣ ባለቤታቸው ግን አይበሉም፣ ለሳቸው ቂጣ። ሂንጉን እቤታቸው ስላለ ይዘው ይመጣሉ። ሰባት ሰዓት ላይ ነው የጠራኋቸው፣ እማዬ "እንግዳ ገና እንደመጣ ልንሸኝ ነው እንዴ" ብላ ተቆጥታለች።

የቀረኝ አንድ ነገር ነው። ቡናስ? ሦስተኛው ድረስ ከተቀመጡ እኮ ይመሻል።

ጉጃራት የከረመው

ቡና አይከለከልም። ፀሐይ የምትገባው 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ስለሆነ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቆሉት፣ በረካው በደንብ ይደርሳል። ጭሱን ግን ቀነስ አድርጉት፣ ከሰሉንም ከማያያዛችሁ በፊት ውስጡ ጉንዳን አለመኖሩን እዩ፣ እነሱ ያዩታል።

እታለም ከማርቆስ

ፈንዲሻውንም አትርሱ። እሱ ከመሬት በላይ ነው።